ድልነሳውና የማይደርቀው ድንጋይ

በእኛ ቆላ፣ ንስሐ ገብቶ ሳለ ራሱን መቅጣት ያልተወ ሰው ሲታይ ሽማግሌዎች አንዲት አባባል ጣል ያደርጉበታል። አመጣጧን የማያውቅ ይስቅባታል። የሚያውቅ ግን ሳያስበው ትከሻውን ዳሰስ ያደርጋል እንጂ አይስቅም።

ሰውየው ድልነሳው ይባላል። ጎበዝ አራሽ፣ ዳዊት ደጋሚ ነበር። አንድ የነሐሴ ቀን ከአብሮ አደጉ ከአምባው ጋር ከገበያ ሲመለስ ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። ድልነሳው ቀድሞ ተሻገረና መጫኛ ወረወረለት። አምባው መጫኛውን ወገቡ ላይ አስሮ መሃል ሲደርስ ደራሽ ጎርፍ መጣ። መጫኛው የድልነሳውን መዳፍ ላጠው፤ እግሩ ከዳርቻው ተንሸራተተ። እሱም አብሮ ሊሄድ መሆኑን ሲያውቅ እጁን ከፈተ። አምባው አንዴ ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ ውሃው ብቻ ቀረ።

ድልነሳው ለአገሩ ሰው «መጫኛው ተበጠሰ» አለ። ዓመት ሙሉ በዚሁ ውሸት ኖረ። በመጨረሻ አልችል ቢለው ለንስሐ አባቱ ለአባ ኅሩይ ተናዘዘ። አባ ቀኖናውን ሰጡት፤ ሲፈጽምም «አሁን ደግሞ እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክመህ ከእናቱ ደጅ ቁም፤ እውነቱን ንገራቸው» አሉት።

ከዚያው ከወንዙ መሻገሪያ ቅል የምታህል ድንጋይ አነሣና ማጅራቱ ላይ አድርጎ ሄደ። የአምባው እናት እማማ ጥሩሰው ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ነገሩን ሲነግራቸው ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ።

«ልጄን ለቀኸው?»

«ለቀቅሁት፣ እማማ።»

«ፈርተህ?»

«ፈርቼ።»

እማማ ጥሩሰው አለቀሱ፤ ልቅሷቸው እስኪወጣላቸው አለቀሱ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉና፣ «እኔስ ስንት በደል ተትቶልኝ አይደል እዚህ የደረስኩት? ጌታ የሞተው ለጻድቃን ብቻ አይደለም። ይቅር ለእግዚአብሔር። አውርድ፣ ልጄ» አሉት።

እንደ ወጉ ይህ ቃል ሲነገር ድንጋዩ ይወድቃል። ድልነሳው ግን ንቅንቅ አላለም።

«የሰው ነፍስ እኮ ነው፣ እማማ! በአንድ ቃል እንዴት ይሆናል? ሰባት ዓመት ልሸከመው፤ ያኔ አውርድ ይበሉኝ።»

«እኔ ሸክም ጠየቅሁህ?» አሉት። እሱ ግን ድንጋዩን እንደተሸከመ ዞሮ ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሆነውን ያዩት ብዙ ናቸው። በጋ ገባ፣ ምድሩ ተሰነጣጠቀ፤ ድንጋዩ ግን አልደረቀም። ድፍርስ የጎርፍ ውሃ እያንጠባጠበ በጀርባው ይወርድ ነበር። እምድጃ ዳር ቢያስቀምጠው እንደራሰ ያገኘዋል። በአቧራማ መንገድ ሲሄድ ከጫማው ዱካ ጎን የራሰ የባዶ እግር ዱካ እየታየ ይከተለዋል። ውሾች እሱን ትተው ከኋላው ባዶውን ቦታ ይጮሁበት ጀመር። ድንጋዩም ሳያድግ በየሳምንቱ ይከብደው ነበር። አንዴ ጎረቤቱ ሊያግዘው ተቀብሎት በአንድ እጁ ወደ ላይ ወርወር አድርጎ ቀለበውና፣ «ይቺ ናት እንዲህ የምታጎብጥህ?» ብሎ ተገረመ።

ውሎ ሲያድር ሰው ፈራው፤ ከፍርሃቱም ያከብረው ጀመር። ድንጋዩን የሚሳለሙ፣ ጠብታውን ግንባራቸው የሚቀቡ መጡ። ድልነሳው አንገቱን ይደፋላቸዋል፤ በልቡ ግን ነገሩ ጣመው።

አባ ኅሩይ ይህን አይተው ጠሩት። «ልጄ፣ ምሕረት ስጦታ ነው። አንተ በትከሻህ ልትሠራው ተነሣህ። እመነው እንጂ።»

«አምናለሁ፣ አባቴ። ግን ማመን ብቻ ይበቃል?»

«ክርስቶስ ካልበቃህ፣ ድንጋይ ሊበቃህ ነው?»

ድልነሳው መስቀላቸውን ተሳልሞ ወጣ። ሆኖም አላወረደም።

በሦስተኛው ዓመት የስቅለት ዕለት፣ ቀትር ላይ፣ ሕዝቡ ከዐለት ወደተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ይገባል። መግቢያው ዋሻ ታቦት ሲወጣ ካህናት ድባብ ዘርግተው ጎን ለጎን የሚያልፉበት ሰፊ ነው። ድልነሳውም ከሰው ጋር ገባ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ዐለቱ ትከሻውን ነካው። አንድ እርምጃ ቢጨምር ደረቱን ያዘው። በግራና በቀኙ ሰዎች ያልፋሉ፤ ነጠላቸው ፊቱን እየዳሰሰው ያልፋል፤ ለእሱ ግን ከግራም ከቀኝም ዐለት ነው። ሊጮህ ቢል ትንፋሽ አጣ። ያዩት ሁሉ በጸሎት የቆመ መስሏቸው አለፉት።

ድንጋዩ ውሃውን ለቀቀው። ቅዝቃዜው ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ጉልበቱ ወጣ። የሌሎቹን እግር አየ፤ ደረቅ ነው። ያኔ ከማጅራቱ ሥር አንድ የራሰ ትንፋሽ ተሰማው።

«ድልነሳው።»

የአምባው ድምፅ ነበር።

«አምባው... ማረኝ።»

«እናቴ ምራሃለች። ጌታ ምሮሃል። ወንዙ እንኳ ለቆኛል፤ የያዝከኝ አንተ ነህ። ልቀቀኝ።»

ድልነሳው ሊዞር ፈለገ፤ ዐለቱ አንገቱን አላንቀሳቅስ አለው። ከውስጥ የሕዝቡ «ኪርያላይሶን» ይሰማል። ያን «አቤቱ ማረን» ሺህ ጊዜ ብሎታል፤ አንዴም መልስ ጠብቆ እንደማያውቅ ገና አሁን ታየው።

«እንግዲህ ጌታዬ፣ በእጄ ምንም የለም» አለና ጣቶቹን ፈታ።

ድንጋዩ ሲወድቅ ዐለት ላይ ያረፈ አልመሰለም፤ ጥልቅ ውሃ ውስጥ እንደገባ ጮኸ። ግድግዳው ለቀቀው፤ ቤተ መቅደሱ ውስጥ በግንባሩ ተደፋ።

ከዚያ ወዲያ ውሃም፣ ዱካም አልተከተለው። እማማ ጥሩሰው እስኪያርፉ ድረስ እርሻቸውን ያረሰላቸው እሱ ነው። «እንዲህ የምትደክመው እንድምርህ ነው?» ቢሉት፣ «የለም እማማ፣ ስለማሩኝ ነው» ይላቸው ነበር።

የዚያን ዕለት ግን ስግደቱ ሲያበቃ፣ ድልነሳው የደረሰበትን ሲነግራቸው ሰዎች ወደ ዋሻው ተመለሱ። ድንጋዩ መሃል ላይ ወድቋል፤ ደረቅ ነው፣ አቧራ ለብሷል። ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ ግን እስከ ጉልበት የደረሰ የጎርፍ ደለል መስመር ተሰምሯል። ሁለት ጎልማሶች ክንዳቸውን ዘርግተው የዋሻውን ስፋት ለኩ፤ ጣታቸው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አልደረሰም።

«አባ፣ ይህን የሚያህል በር እንዴት ለአንድ ሰው ይጠባል?» ብለው ጠየቁ።

አባ ኅሩይ ያን መስመር አይተው አማተቡና፣ «ድንጋዩን አላወርድ ላለ ሰው፣ የምሕረት በር ጠበበው» አሉ።