ዓርብ የተቀመሰው የውሻ ምግብ

አቶ ጫንያለው ደረቅ የውሻ ምግብ አምራች ናቸው፤ ጾም አጥባቂነታቸውንም ለሰው ሁሉ ማውራት ይወዳሉ። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነጋዴዎች ሊገዙ መጡና፣ «ይሄ ነገር በቆሎ ብቻ እንዳይሆን!» ብለው ጠረጠሩ።

አቶ ጫንያለው «ግማሹ የበሬ ሥጋ ነው!» ብለው ተቆጡና ምግቡን የምታዘጋጀውን ሴት ጠሯት። «አንቺ፣ ሥጋ እንዳለው ንገሪያቸው! አለዚያ ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ!» ጥራቱንም ለማሳየት ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግነው ጎረሱ።

ሴትዮዋ መዋሸቱን ፈራች፤ እንጀራዋም አሳሳት። ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሳች።

«ስለ ምግቡ እንኳ እሳቸው ይንገሯችሁ፤ እኔ ስለ እሳቸው ልመስክር። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ጌታዬ ደግሞ በዓርብ ሥጋ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም።»

አቶ ጫንያለው የጎረሱትን መዋጥም መትፋትም አቃታቸው።