ማን ጠየቀሽ?

አንዲት አሜሪካዊት ወጣት ነበረች፤ ማርጆሪ የምትባል። ሆኪ ትጫወታለች፤ በሣር ሜዳ ላይ የሚጫወቱትን። የእኛን የገና ጨዋታ ይመስላል፤ ቆልማማ ዱላ አለ፣ ሩር አለ። ልዩነቱ፣ እኛ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንላለን፤ እነሱ ግን ይቆጣሉ!

በእነሱ ደንብ ሩሯ እግር ከነካች ጥፋት ነው። በዋንጫው ቀን ማርጆሪ የማሸነፊያዋን ግብ አገባች። ሜዳው በጩኸት ተናጋ። እሷ ግን እጇን አንሥታ ወደ ዳኛዋ ሄደች። «እግሬን ነክታ ነው የገባችው» አለች። ግቡ ተሻረ፤ ዋንጫውም አመለጠ። ጓደኞቿ ከበው «ማን ጠየቀሽ?» አሏት።

ማን ጠየቀሽ! እኛስ ይህቺን ቃል ስንት ጊዜ ብለናታል?

ጦርነት መጣ። ማርጆሪ መቶ አለቃ ሆና በባሕር ኃይል ቢሮ የመርከቦችን መንገድ ትጽፍ ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጠዋቱን ወረቀት ስታገላብጥ ደነገጠች። አንድ ቁጥር አሳስታለች። ስድስት መቶ ቁስለኛ የጫነች መርከብ ፈንጂ ወደ ተጠመደበት ባሕር እየሄደች ነው።

ያወቀ ማንም የለም። መርከቧ በዕድል ብታልፍ ማንም አይሰማም። ብትሰጥምም «ጠላት ነው» ይባላል። ሰኞ ደግሞ የሻምበልነት ማዕረግ ልትቀበል ነው። ወገኖቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ እጸልይላቸው ነበር።

እሷ ተነሥታ አዛዡ ፊት ቆመች።

«ጌታዬ፣ መርከቧን ያስመልሷት። ቁጥሩን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ሌላ ያየ ሰው አለ?»

«የለም።»

አዛዡ ስልኩን አነሣ።

መርከቧ ተመለሰች። ማርጆሪስ? ተሸለመች እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ። አልተሸለመችም። ማዕረጉ ቀረ፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበች። ቁስለኞቹ ስሟን እንኳ አልሰሙም፤ እንዲያውም «ለምን አዘገያችሁን?» እያሉ ሲያማርሩ ዋሉ።

እኛ ስህተታችንን ስንደብቅ የራሳችን ጉዳይ ብቻ ይመስለናል። «በእኔና በእግዚአብሔር መካከል ነው» እንላለን። ነው ወይ? ወንድሜ፣ ብረቱን የቀነስክበት ፎቅ ላይ እኮ ሰው ገብቶበታል! እህቴ፣ አሳስተሽ የሰጠሽውን መድኃኒት በሽተኛው ዛሬም እየዋጠው ነው!

ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር በልባችሁ ያለባችሁ፣ የስብከቱን መጨረሻ አትጠብቁ። አሁን ወደ ውጭ ውጡና ደውሉ። ግድ የለም፣ ቡራኬው ይጠብቃችኋል።