ያልጎነበሰችው ልጅ

አንድ ሰው ነበረ፤ «ሰው ምን ይለኛል» እያለ የሚኖር፣ ይሉኝታ የሚገዛው። እንደ እኔና እንደ እናንተ ማለት ነው፤ አትሳቁ!

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰባት ዓመት ልጁን ትርሲትን ይዞ መስቀል ሊሳለም ተሰለፈ። ልጅቱ ሰሞኑን ትኩሳት ነበራት፤ «አንገቴን አመመኝ» ትላለች። «ትራስ ላይ ተጣማ ተኝታ ነው» ተባለ፣ ቅባት ተቀባች፣ አለቀ።

ተራዋ ደረሰ። መምሬ ውብሸት መስቀሉን ዘረጉ። ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ ይሳለማል፤ ትርሲት ግን ቀጥ ብላ ቆመች።

«ጎንበስ በይ እንጂ!» አለ አባቷ በሹክሹክታ።

ንቅንቅ አላለችም።

«ወይ ያሁን ልጆች! አሳዳጊ የበደላቸው» አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

የአባትየው ፊት ደም መሰለ። ሰፈርተኛው ሁሉ እያየ! ማጅራቷን ይዞ ሊጫናት እጁን ሰነዘረ።

«ተው! እንዳትነካት!» አሉ ፊቷን ሲያዩ የነበሩት መምሬ።

ከዚያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? እሳቸው ጎንበስ አሉ። እሳቸው! መስቀሉን ከከንፈሯ አደረሱና፣ «የኔ ልጅ፣ የት ጋ ነው የሚያምሽ?» አሏት።

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አንገቴን፣ አባ። አቃተኝ እንጂ እምቢ አላልኩም።»

በመምሬ ትእዛዝ በቀጥታ ሐኪም ቤት ተወሰደች። ሐኪሙ መረመራት። «ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ነው» አለ። «ባክቴሪያ የአንገቷ አጥንት ውስጥ ገብቶ መግል ቋጥሯል። በመድኃኒት ይድናል። ግን አንድ ሰው አንገቷን ቢጫነው ኖሮ እጅ እግሯ ሽባ ሊሆን ይችል ነበር። ለመሆኑ የነካት አለ?»

አባትየው ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ልጅቱ ድናለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ምእመናን፣ ያ አባት ልጁን ጠልቶ ነው? ኧረ በጭራሽ! ይወዳታል። ያጣደፈው የሰው ዓይን ነው። እኛስ? ያኮረፈውን ልጅ፣ ሰላምታ የነሳንን ጎረቤት፣ ከማኅበር የቀረችውን እህት «ጠገበ፣ ኮራ» እያልን ስንቱን ተጫንን? አንዳንዱ ሰው እምቢ ብሎ እኮ አይደለም፤ አቅቶት ነው።

ቤታችሁ ስትገቡ ያ ሰው አለ። ታውቁታላችሁ፤ አሁን ፊቱ መጣባችሁ። እጃችሁን ሰብስቡ። ጎንበስ ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱን ሳትሰሙም ቀና እንዳትሉ።