የጦጣ ጉንጭ

ተረት ልበላችሁ፤ «የመሠረት» በሉኝ።

በረሃብ ዘመን ጦጣ የቀረችውን አንዲት ሾላ የብቻዋ ልታደርግ ፈለገች። ከገደል ሥር የማይታወቅ ሥራሥር ቆፍራ ለእንስሳቱ አመጣችና፣ «ብሉ! እስከ ሰባት ቤት አያቶቼ ሲበሉት የኖሩት ነው» አለች።

የተራቡት ሊሻሙ ሲንደረደሩ ጃርት እሾኋን አቁማ ከለከለቻቸው።

«ያቀረበ ይቀምሳል። መጀመሪያ አንቺ ቅመሺልን» አለቻት።

ጦጣ ቆረሰች፣ አፏ ውስጥ ከተተች፣ የዋጠች መስላ ጉንጯ ውስጥ ሸጎጠችው። እንስሳቱ ትንፋሻቸውን ውጠው አዩዋት።

ጃርት ቀስ ብላ ተጠጋቻት። «እሰይ! በይ አሁን ሰባቱን አያቶችሽን በስም ቁጠሪልን።»

ጦጣ ጉንጯ እንዳበጠ ዝም አለች። ብትናገር ይወድቅባታል፤ ብትውጠው ይገድላታል።

እንስሳቱም ሥራሥሩን አንድ በአንድ እየጣሉ ፊታቸውን ወደ ሾላዋ አዞሩ።

ተረቴን ውሰዱ፤ ለአፌ የምትሰጡኝን ግን ቀምሳችሁ ስጡኝ።