ግርጌ የሚቀመጠው ጠያቂ

አንድ የቆዳ ነጋዴ ነበር፤ አያልቅበት ይባላል። ይህ ሰው ትምባሆ አያጨስም፤ ጭሱ ገና ከሩቅ ያስለዋል። ፒፓ ግን ይሰበስብ ነበር። የመጀመሪያዋን አንድ ደንበኛው በስጦታ ሰጠው። መደርደሪያ ላይ ብቻዋን ስትቀመጥ አሳዘነችው መሰለኝ፣ ጓደኛ ገዛላት። ቀጥሎ የሸክላ አማረው፤ ቀጥሎ የቀንድ፤ ቀጥሎ አፏ በብር የተለበጠች። ቆዳ ሊገዛ ወደ ገጠር ሲወጣ ከቆዳው ይልቅ የሽማግሌዎችን አፍ ማየት ጀመረ። መደርደሪያው ሲሞላ ቁም ሳጥን አሠራ፤ ቁም ሳጥኑ ሲጠበው የሚስቱን የዘርፌን ልብስ ወደ ሻንጣ አስወጣ። "ይቺን ብቻ፣ ከዚህ በኋላ በቃኝ" ይላል ሁልጊዜ። ዘርፌም ማመኑን ከተወች ቆይታለች።

ነጋዴው ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ያደገ ቦጋለ የሚባል አናጢ ጓደኛ ነበረው። ቦጋለ አባቱ ከወይራ ቀርጸው የሰጡት፣ ከማጨስ ብዛት ጠቁራ የምታበራ ፒፓ ነበረችው። አያልቅበት ሽጥልኝ ብሎ ስንት ጊዜ ለምኖታል። አናጢው እየሳቀ "ስሞት ትወስዳታለህ" ይለው ነበር። ለቀልድ ነው ያለው። ነጋዴው ግን ቃሉን ያዘበት።

ቦጋለ ታመመ፤ ሰውነቱ መነመነ፣ ከአልጋ መውረድ አቃተው። አያልቅበትም በየቀኑ ይጠይቀው ጀመር። ማር ያመጣል፣ የዶሮ መረቅ ያመጣል። ጎረቤቱ ሁሉ "ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው" አለ። የአናጢው ሚስት "ጋሽ አያልቅበት፣ እግዜር ይስጥልን" እያለች ታለቅሳለች፤ እሱም አሜን ብሎ ይቀበላል። እውነቱን ለመናገር ለጓደኛው ብሎ የሚመጣ ለራሱም ይመስለው ነበር። ራስጌ የሚያስቀምጡለትን በርጩማ ግን ሁልጊዜ አንስቶ ወደ ግርጌ ይወስደዋል። ግርጌ ሆኖ ቀና ሲል፣ ከበሽተኛው በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው ፒፓ ፊት ለፊት ትታየዋለች።

አንድ ጠዋት ሲመጣ ቦጋለን ትራስ ተደግፎ፣ ገንፎ ሲበላ አገኘው።

"ተሻለኝ እኮ! ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ወሰደኝ!" አለው በደስታ።

"እግዜር ይመስገን" አለ ነጋዴው። ያለው አፉ ነው። ፊቱ ጨረታ እንዳመለጠው ሰው ፊት ወደቀ። ቦጋለ አየው። አያልቅበትም መታየቱን አወቀ፤ በዚያች ሰዓት ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

አናጢው ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ለካ ለዚህ ነው ግርጌ የምትቀመጠው" አለ ቀስ ብሎ። ዞር ብሎም ፒፓዋን ከምስማሩ አወረዳት። "እንካ፣ ውሰዳት።"

"ኧረ ቦጌ፣ ምን ነካህ?"

"ግድ የለም ውሰዳት። ነገ ከመጣህ ለእኔ ብለህ እንደመጣህ አውቃለሁ።"

ነጋዴው እምቢ ማለት ነበረበት። እጁ ግን ቀድሞት ተዘረጋ።

በማግስቱ አልሄደም። በምን ዓይኑ ይየው? ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናትም አልሄደም። የወይራዋ ፒፓ ከሌሎቹ መካከል ተቀመጠች፤ ቁም ሳጥኑን ሲከፍት ሽታዋ ይመጣበታል፣ መልሶ ይዘጋዋል። ወሬው ግን ይደርሰው ነበር። ቦጋለ በር ላይ ወጥቶ ፀሐይ እየሞቀ መንገድ መንገዱን ያያል፤ አጠገቡ ባዶ በርጩማ አለ ይሉታል። ቆይቶ ደግሞ ሕመሙ አገረሸበት አሉት።

"አትሄድም እንዴ?" አለችው ዘርፌ።

"አፍሬ እኮ ነው።"

"ማፈርህን እሱ በምን ያውቃል? እሱ የሚያውቀው ፒፓዋን ወስደህ መቅረትህን ነው።"

ይህን ሲሰማ ፒፓዋን ይዞ ሄደ። ቦጋለ ተጋድሟል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። አያልቅበት ፒፓዋን በምስማሯ ላይ መልሶ ሰቀላት። በርጩማውን ሳበና ጀርባውን ለእሷ ሰጥቶ ራስጌ ተቀመጠ። ቀና ማለት ግን አልቻለም፤ እንዳቀረቀረ እንባው ጉልበቱ ላይ ይወርድ ነበር።

ቦጋለ በደከመ እጁ ጉልበቱን ነካ አደረገው።

"ዛሬ ገና ጠየቅኸኝ" አለው።

ወዳጆቼ፣ ዕቃ መውደድ በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ የሚጀምረው ዕቃው ሲያምረን ባለቤቱ መሰናክል ሆኖ ሲታየን ነው፤ ያን ጊዜ ማርም መረቅም ብናመጣ ፊታችን ያጋልጠናል። ካፈርን በኋላ ደግሞ ቤታችን መደበቅ ሌላ በደል ነው፤ እያፈርንም ቢሆን እንሂድ። እናንተስ፣ የሰው ቤት ስትገቡ ዓይናችሁ ቀድሞ የሚያርፈው የት ላይ ነው?