የዘር ባቄላና ጤፍ

ተረት አለኝ፤ «ንገሪን» በሉኝ።

በአንድ ጎተራ ውስጥ የዘር ባቄላ ይኖር ነበር። የቤቱ እናት ነቀዝ እንዳይገባበት ብላ ጤፍ ቀላቀለችበት። ጤፍም በባቄላው መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ሞላችው።

ባቄላ ኩሩ ነበርና፣ «አንቺ ብናኝ፣ አፈንሽኝ እኮ! ምናለ ራቅ ብትዪ?» አላት።

«እኔ ስርቅ ሌላ ይጠጋዎታል፣ ጋሼ» አለች ጤፍ ቀስ ብላ።

በመጋቢት የቤቱ እህል አለቀ፤ ልጆቹም በረሃብ አለቀሱ። እናት ባቄላው ዘር ነውና አልነካችውም። ጤፉን ግን በወንፊት ነፍታ ለየችና ወሰደችው።

«እፎይ! ተነፈስኩ» አለ ባቄላ።

በጎተራው ስንጥቅ ነቀዝ ብቅ አለ። «ቤቶች! ቦታ ተገኘ እንዴ? ብዙ አላስቸግርም፤ ለእኔና ለልጆቼ ብቻ ነው።»

ሰኔ ሲገባ ዘነበ። እናት ዘሩን ልትመርጥ ውኃ ውስጥ ጨመረችው። ደህናው ይሰምጣል፤ ባዶው ይንሳፈፋል። ሁሉም ተንሳፈፈ።

«ጤፍዬ፣ የት አለሽ?» አለ ባቄላ።

ጤፍ ከተበላች ሦስት ወር ሆኗት ነበር። እናትም እጇን ውኃው ውስጥ እንደነከረች ቀረች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን የምታብሱበት ዳቦ ግን ዘንድሮ የለም።