ጠጅ አጣሪዋ ውርስ አጣሪ

አንድ ባለጸጋ ሲሞት፣ በኑዛዜው ውርሱን እንድታጣራ የሾመው ጎረቤቱን ጠጅ አጣሪዋን ነበር። ሴትዮዋም ኑዛዜው እንዳለው የሟቹን በቅሎ ለሴት ልጁ ልታስረክብ ስትል፣ የሟች ታላቅ ወንድም ቀኛዝማች ይርዳው እየጎተቱ ዳኛ ፊት አቆሟት።

«ወንድሜ ‹ለተዝካሬ ጠጅ ታጣራ› ሊል ተሳስቶ ነው እንጂ፣ ይቺ ስለ ውርስ ምን ታውቃለች? እኔ ከወራሾቹ ሁሉ በላይ ነኝ፤ በቅሎዋ ለኔ ትሰጠኝ!» አሉ ቀኛዝማች።

ዳኛው «ምን ትመልሻለሽ?» አሏት።

«ጌታዬ፣ ውርስም እንደ ጠጅ ነው የሚጣራው» አለች ሳትደነግጥ። «ቀኛዝማችም እውነታቸውን ነው፤ ከሁሉ በላይ ናቸው። ከጠጁ ሁሉ በላይ የሚንሳፈፈው ደግሞ ሰፈፉ ነው፤ እኔም አስቀድሜ ገፍፌ የምጥለው እሱን ነው።»